ከማትሪክ እስከ ሪሚዲያል፦ የወደቀ ፈተና፣ ያልወደቀ ልጅ

ጥር 2015 ዓ.ም.፣ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አራት ሰው አንድ ስልክ ላይ አጎንብሷል። የእህቴ ልጅ መለያ ቁጥሯን ደጋግማ ትጽፋለች፤ ገጹ ሊከፈት ይልና ይቋረጣል። አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለገባበት ኔትወርኩ ተጨናንቋል። እናቷ የጣደችው ጀበና ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው ዞር ብሎ ያየ የለም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ገጹ ተከፈተ። ልጅቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ ደመረች፤ እንደገና ደመረች። ከግማሽ በታች ነው። ስልኩን ሶፋው ላይ ደፋችውና «ጋሼ፣ እኔ እኮ አበቃልኝ» አለችኝ። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነው።

በዚያ ዓመት ይፋ በተደረገው ውጤት መሠረት የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ 3.3 ነው። እንግዲህ «አበቃልኝ» የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ከ866 ሺህ በላይ ልጆች ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ያን ሌሊት ለልጅቱ የምመልስላት አጥቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን መልሱን በታሪካችን ውስጥ ስፈልግ ቆይቻለሁ። ያገኘሁት ይህ ነው፦ በሀገራችን በማለፍና በመውደቅ መካከል ያለው ድንበር በየትውልዱ እየተነቀለ ሌላ ቦታ ሲተከል ኖሯል። የሚተክሉት ደግሞ ተማሪዎቹ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ብዛት፣ የመምህር መኖርና አለመኖር፣ የመንግሥት ፖሊሲ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ ይተክሉታል። ውጤቱ የመጣ ዕለት ግን ሸክሙን ሁሉ ብቻዋን የምትሸከመው ያቺ ስልኩን የደፋችው ልጅ ናት። ይህ ትክክል አይደለም። ለምን ትክክል እንዳልሆነ ለማየት ከሩቅ መነሣት ያስፈልጋል።

የኔታ ዘንድ የፈተና ቀን አልነበረም

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሀገሪቱን ያስተማረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ፈተና ነበር፤ እንዲያውም ቀላል የማይባል ፈተና። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። በየቀኑ ቅኔ ቆጥሮ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ ያርማሉ፤ ካልሆነም ይመልሱታል። የተመለሰው ተማሪ ማግሥቱን ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ጉባኤ ቃና ላይ አንዱ ሦስት ወር ይበቃዋል፤ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። ዓመት የፈጀበትን ግን «ወድቀሃልና ከጉባኤው ውጣ» የሚለው ቀን አልተቆረጠም ነበር።

ማስረጃው ራሱ ምስክርነት ይባላል። ድጓን የዘለቀ ተማሪ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። የሚመሰክሩለት መምህራን ለወራት አብረውት ኖረው፣ ዜማውን ሰምተው፣ ጠባዩን አይተው ነው። ያልበቃ ተማሪ ይከልሳል፤ ይቀጽላል፤ ሲበቃ ይመለሳል።

ያንን ሥርዓት እንከን የለሽ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ደጁን አልረገጡትም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው። ሆኖም ዛሬ የጎደለንን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ «ገና ነው» እና «አይሆንም» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን።

ከሎንደን የመጣው ቃል

በ1900ዎቹ መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት ሥር መያዝ ጀመረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ተማሪዎች ሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበራቸው የሎንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ይፈተኑ ነበር። «ማትሪክ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ሥረ መሠረቱ ላቲን ሲሆን በመዝገብ መስፈርን፣ በስም ዝርዝር መግባትን ያመለክታል።

ይህን የቃሉን ትርጉም ሳውቅ ቆም ብዬ አሰብኩ። ማትሪክ ከጥንቱም ለአንድ የተወሰነ መዝገብ ስም መልቀሚያ ነበር። መዝገቡ ጠባብ ከሆነ ብዙ ጎበዝ ውጭ ይቀራል፤ ሲሰፋ ደግሞ ትናንት ውጭ የቀረው ዛሬ ይገባል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሥራ ሲጀምር ሀገሪቱ የራሷን መዝገብ ከፈተች። በ1940ዎቹ የራሷን የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተናም ማዘጋጀት ያዘች፤ ስሙ ግን ከሕዝቡ አፍ ሳይወርድ ማትሪክ እንደተባለ ቀረ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት፣ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው ወጣት ቁጥሩ ጥቂት ስለነበር ሥራና ትምህርት ይጠብቁት ነበር። በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዙ፤ ዩኒቨርሲቲውም መሥሪያ ቤቱም በዚያ ፍጥነት አልሰፉም። በማትሪክ ወድቆ፣ የአባቱን እርሻ ለቆ፣ ከተማ ላይ ሥራ ያጣ ወጣት ያኔ መታየት ጀመረ።

መንግሥት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስጠናው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ይህን ችግር ሊፈታ የተነሣ ነበር። ያመጣው ሐሳብ ግን አብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዞ ወደ ሥራ እንዲሰማራ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። መምህራንና ወላጆች ነገሩን የድሃውን ልጅ ከላይኛው ትምህርት የሚያስቀር አድርገው ተረዱት። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ጥናቱ ተሻረ፤ ዘውዱም በመስከረም 1967 ወደቀ። የዩኒቨርሲቲ በር ጉዳይ በዚህ ሀገር መንግሥት እስከ ማናጋት የደረሰ ጉዳይ ነው።

የእቴቴ ማትሪክ

በ1967 መጀመሪያ ለነበሩት የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ደርግ «የእድገት በኅብረት» ዘመቻን ሲያውጅ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ኤ ያመጣውም ኤፍ ያመጣውም አንድ መኪና ላይ ተሳፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን የማውቀው በታላቅ እህታችን ነው። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። ማትሪክ የተፈተነችው በ1979 ነበር። በጊዜው ሀገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባ፣ የአስመራና የዓለማያ፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ፈተናው በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ይታረማል፤ አማካይ ነጥቡ ከአምስት የትምህርት ዓይነቶች ይሰላል፤ ጣሪያው 4.00 ነው። 2.00 ማምጣት «አለፈ» ያሰኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን በዚያ ዓመት የተቆረጠውን ነጥብ ማለፍ ያስፈልጋል። እቴቴ 2.00 አመጣች። በወረቀት አልፋለች፤ በምደባ ወድቃለች።

ያኔ መውደቅ ከዛሬው የከበደበት ጎን ነበረው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቷልና ማትሪክ የወደቀ ወንድ ልጅ ሰፈር ውስጥ መታየት ይፈራ ነበር። የእቴቴ የክፍል ጓደኞች ከነበሩት ወንዶች ከግንባር ያልተመለሱ እንዳሉ ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። አንድ የሒሳብ ፈተና ላይ የጎደለ ነጥብ በሰው ሕይወት ተከፍሏል። ዛሬም ወላጆች ፈተና ሲባል የሚደነግጡት የዚያን ዘመን ፍርሃት ተሸክመው ስለኖሩ ይመስለኛል።

እቴቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባች፤ የምናውቀው ቲቲአይ ነው። አንድ ዓመት ሠልጥና የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆነች። ከሠላሳ ዓመት በላይ «ሀ ሁ» ያስቆጠረቻቸው ልጆች ዛሬ ሐኪምም፣ ሹፌርም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ሆነው መንገድ ላይ ያቅፏታል። ያም ሆኖ የማትሪክ ወረቀቷን ለማንም አሳይታ አታውቅም ነበር።

ድንበሩ ወደ 10ኛ ክፍል ሲወርድ

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። ማትሪክ ቀስ በቀስ ቀርቶ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ልጆች 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ይፈተኑ ጀመር። ያለፈው ፕሪፓራቶሪ ገብቶ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይዘጋጅ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄድ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዕጣውን የሚያውቅበት ዕድሜ ሆነ።

በሌላ በኩል ደግሞ በሩ በታሪካችን ታይቶ በማይታወቅ መጠን ተበረገደ። ከኤርትራ መለየት በኋላ ሁለት ብቻ የቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ከ40 በላይ ሆኑ። ወንበሩ ስለበዛ የመቁረጫ ነጥቡ ዝቅ አለ። በየዓመቱ የሚወሰነው የቅበላ አቅም ታይቶ ስለነበር ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ ተማሪም በገፍ ይገባ ነበር። እቴቴ በ1979 ያመጣችውን ያህል ዕውቀት ይዞ በ2005 የተፈተነ ልጅ ያለ ጥርጥር ይመደብ ነበር። በእቴቴ ዘመን «ወደቀች»፣ በዚያ ልጅ ዘመን «አለፈ» ያሰኘው የወንበሩ ቁጥር ነው።

ፈተናው ራሱም መታመን እያቃተው ሄደ። በግንቦት 2008 ፈተናው በተጀመረበት ዕለት የእንግሊዝኛው ጥያቄ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተዘጋጁለት ፈተና ተሰርዞ በሰኔ መጨረሻ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ማቋረጥ የተለመደ ሆነ፤ ኩረጃውም በቡድን የሚሠራ ነገር ሆነ። ለዓመታት ያጠና ልጅ ከኮራጅ እኩል ሲሰለፍ በፈተናው የሚያምን ሰው እያነሰ ሄደ።

3.3 በመቶ የሚናገረው

በ2014ቱ ፈተና ትምህርት ሚኒስቴር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለወጠ። ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። የመቁረጫ ነጥብ የሚባለው ተንሳፋፊ ቁጥርም ቀርቶ 50 በመቶ ቁርጥ ያለ ማለፊያ ሆነ። ኩረጃን ለመግታት የተወሰደውን እርምጃ እደግፈዋለሁ። ሐቁ መውጣት ነበረበት፤ ወጣም። የወጣው ሐቅ ግን ስለ ማን ነበር?

የዚያን ዓመት ተፈታኞች ጉዞ እንከተል። በ2012 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዚያው ዓመት ስለቀረ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በኋላ አቅማቸውን የለካ የመንግሥት ፈተና አላዩም። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የዓመቱን ትምህርት ሳይጨርሱ ወደ 11ኛ ክፍል ተዛወሩ። 11ኛ ክፍል ሲደርሱ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። 12ኛ ክፍልን የተማሩትም ጦርነቱ በተስፋፋበት ዓመት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከዚህ በፊት ማንም ባልተፈተነበት መንገድ፣ ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በማያውቁት ግቢ የተፈተኑት።

ቋንቋውንም አንርሳ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የታሪክ ጥያቄ የሚመልስ የገጠር ልጅ ዓድዋን ከአያቱ ሰምቶ ያውቀዋል፤ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 1,328 ሆኑ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱ ሲወድቅ «አላጠናም» ይባል ይሆናል። ሁሉም ሲወድቁ ግን የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ከሠፈሩ ሁሉ አንድ ጎበዝ ሳይወለድ ቀርቶ አይደለም። ያለ ቤተ ሙከራ፣ ያለ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ያለ መምህር የተማሩ ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ተማሪዎች በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ አሁንም ግን ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ያንን ሌሊት ያልፉበታል ማለት ነው።

የሚዘጋውና የማይዘጋው

የአንድ ፈተና ውጤት ምንም አያመጣም ብዬ አላጽናናም። ለድሃ ቤተሰብ አንድ ዓመት መዘግየት ትልቅ ነገር ነው። በገጠር ለሴት ልጅ «ወደቀች» ማለት «ትዳር» ማለት ሊሆን ይችላል። ፓስፖርት አውጥተው ዐረብ ሀገር ከሄዱ፣ ቤት ሠራተኝነት ከገቡ እህቶቻችን መካከል የ12ኛ ክፍል ውጤታቸውን ሻንጣ ውስጥ የያዙ ብዙ ናቸው። ጭንቀቱ ከምናብ የመጣ አይደለም።

ሆኖም በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ዘመን የለም። የእቴቴ ትውልድ ቲቲአይ ነበረው፤ የነርስ ትምህርት ነበረው፤ በግል ተመዝግቦ ማትሪክን ደግሞ መፈተን ነበረው፤ ደመወዝተኛ ሆኖ የማታ ትምህርት መከታተል ነበረው። ዛሬ ያሉ ብዙ አንጋፋ ባለሙያዎች በእነዚህ መንገዶች ዞረው የመጡ ናቸው። ከ2014 ፈተና በኋላ ደግሞ ከ50 በታች ካመጡት የተሻሉ ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ፤ ሪሚዲያል የሚባለው ነው። በግል መፈተን አሁንም ይቻላል። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በደረጃ እያደጉ የብቃት ምዘና ማለፍም የሚያኮራ መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለማግኘት ሳምንት የሚጠብቅ ከተማ ሙያን እንደ ወዳቂ ማረፊያ ማየቱ ሊያሳፍረው ይገባል።

ሮቴሽናል ሞሽን

ወደዚያ ሳሎን ልመለስ። እኔ ቃል ባጣሁበት ሰዓት፣ ያን ሌሊት አብራን የነበረችው እቴቴ ከማዕዘኑ ተነሥታ ልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ስንት አመጣሽ?» አላለቻትም። «የቱ ነው የጎዳሽ?» አለቻት።

«ፊዚክስ።»

«መጽሐፉን አምጪው።»

በዚያ ሰዓት መጽሐፍ! ልጅቱ ግን ተነሥታ የ11ኛ ክፍሉን አመጣችው። እቴቴ ገለጠችው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በእርሳስ ተጽፎባቸዋል፤ ተሰምሮባቸዋል፤ ጠርዛቸው ጠቁሯል። ስድስተኛው ምዕራፍ፣ ሮቴሽናል ሞሽን ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል።

«ይኼ ለምን ነጣ?»

«እቴቴ፣ መምህሩ ሄደ። ሌላ አልመጣም።»

እቴቴ ለረጅም ጊዜ ንጹሑን ገጽ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ፣ በላስቲክ ከተጠቀለሉ ወረቀቶች መሀል አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አውጥታ ልጅቱ ጉልበት ላይ አኖረች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የደበቀችው የማትሪክ ውጤት ነው። «እኔም በዚያ ሌሊት አበቃልኝ ብዬ ነበር» አለቻት። «ያበቃው ግን ያ ሌሊት ነው።»

ልጅቱ ለሪሚዲያል ተመደበች። አራት ወር ገደማ ግቢ ገብታ ተማረች፤ ተፈተነች፤ አለፈች፤ ፍሬሽማን ሆነች። ከክፍል ጓደኞቿ ሁለቱ በግል ደግመው ተፈትነዋል፤ አንዷ ዐረብ ሀገር ናት፤ አንዱ የብረታ ብረት ሥራ ተምሮ ራሱን ችሏል። የእሷን መንገድ ብቻ ነጥዬ እንደ ድል መንገር አልፈልግም፤ ሁሉም ያንን ንጹሕ ገጽ ይዘው ነው የተፈተኑት።

ባለፈው ክረምት ልጅቱ ለእረፍት መጥታ ነበር። እቴቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። አንድ ቀን ሳልጠራ ብደርስ ያ ሳሎን በሠፈሩ የ11ኛ ክፍል ልጆች ተሞልቷል፤ ሰባት ይሆናሉ። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። እቴቴ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ የሚያውኩትን በዓይኗ ትገሥጻለች። የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ካርቶን ፊት ቆማ በማርከር ክብ ትሥላለች። የጀመረችው ከስድስተኛው ምዕራፍ ነው።